ነጩ ቢጫ፣ ጥቁሩ ወይን ጠጅ፦ ፓነሉ ከመቀየሩ በፊት

ጥያቄ፦ «የዴስክቶፕ ኮምፒውተሬ ሞኒተር ከሰሞኑ ቀለሙ ተበላሸብኝ። የምጠቀመው በቪጂኤ ኬብል ነው። ነጭ የነበረው ገጽ ሁሉ የሎሚ ቢጫ ሆኗል፤ ሰማያዊ ሊንኮች ደግሞ ጥቁር ሆነው ነው የሚታዩት። አልፎ አልፎ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ለአፍታ ይስተካከልና መልሶ ይበላሻል። ኬብሉ ይሆናል ብዬ በኤችዲኤምአይ ቀየርኩት። ቢጫው ጠፋ፣ ግን ጥቁሩ ወይን ጠጅ፣ ነጩ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆነ። ጥገና ቤት ስጠይቅ በሁለት ኬብል ከተበላሸ ችግሩ የሞኒተሩ ነው፣ ፓነሉ ይቀየር አሉኝ። እውነት ነው? ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጭኛለሁ፣ ለውጥ የለም።»

ምላሽ፦

ፓነሉን፣ ማለትም ምስሉ የሚታይበትን የስክሪኑን ሰሌዳ፣ ለጊዜው ይተዉት። ከጻፉት ተነስቼ ስገምት ሞኒተርዎ ጤነኛ ነው። ያጋጠመዎት ሁለት ቀላል ችግሮች ተከታትለው መምጣታቸው ነው። አንዱ ያለው ቪጂኤው ኬብል ወይም ሶኬት ላይ ነው። ሌላው፣ ኤችዲኤምአይ ሲሰኩ ኮምፒውተሩና ሞኒተሩ በቀለም አላላክ ላይ አለመግባባታቸው ነው። ይህኛው በሴቲንግ የሚስተካከል ነው፤ ካቻቪቴ እንኳ አይፈልግም።

«በሁለት ኬብል ከተበላሸ ሞኒተሩ ነው» የሚለው አባባል መነሻው ልክ ነው፤ ጥገና ላይ ያለን ሰዎች ሁላችንም እንጠቀምበታለን። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ብልሽቱ በሁለቱም ኬብል አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ፓነል ምስሉ በየትኛው ሶኬት እንደገባ አያውቅም። ሰማያዊ ማሳየት ያቃተው ፓነል በቪጂኤም ያቅተዋል፣ በኤችዲኤምአይም ያቅተዋል፣ ኬብሉ ሁሉ ተነቅሎ «ሲግናል የለም» የሚለው ጽሑፍ ሲመጣም ያቅተዋል። የእርስዎ ግን ኬብል ሲቀየር ቢጫው ጠፋ። ያኔውኑ ፓነሉ ከጥርጣሬ ወጥቷል። ከዚያ ወዲያ የመጣው ወይን ጠጅና አረንጓዴ ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ለብቻው ይታያል።

ከቢጫው እንጀምር።

ስክሪን ላይ የምናየው ቀለም ሁሉ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን የሚወጣ ነው። ነጭ የሚሆነው ሦስቱም ሙሉ ለሙሉ ሲበሩ ነው። ሰማያዊው ቢቀር የሚተርፉት ቀይና አረንጓዴ ናቸው፤ የሁለቱ ብርሃን ሲደመር ደግሞ ቢጫ ይወጣል። ቀለም መቀባት ለለመደ ሰው ይህ ግር ሊለው ይችላል፤ የብርሃን ድምርና የቀለም ቅልቅል ውጤታቸው አንድ አይደለም። ሰማያዊ ሊንኩ የጠቆረብዎትም ለዚሁ ነው። ያ ፊደል ከሰማያዊ ሌላ ይህ ነው የሚባል ብርሃን የለውም፤ ሰማያዊው ሲቀርበት የሚቀረው ጨለማ ነው። ቀይ ነገሮች ግን ቀይ እንደሆኑ ቀርተዋል፤ ልብ ብለው ይመልከቱ።

እንግዲህ የእርስዎ ሞኒተር የሚለው «ሰማያዊው ጨርሶ አልደረሰኝም» ነው። ቪጂኤ ላይ ደግሞ ሰማያዊ የት ቦታ ላይ እንደሚቀር በጣት ማሳየት ይቻላል።

ቪጂኤ በ1987 ከአይቢኤም ፒኤስ/2 ኮምፒውተሮች ጋር የወጣ የአናሎግ መንገድ ነው። ሦስቱ ቀለሞች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሽቦ ነው የሚሄዱት። ሶኬቱ ላይ በሦስት ረድፍ አምስት አምስት ሆነው የተደረደሩ 15 ቦታዎች አሉ። ፒን 1 ቀይ፣ ፒን 2 አረንጓዴ፣ ፒን 3 ሰማያዊ ነው፤ 6፣ 7 እና 8 በየተራ የእነዚሁ መመለሻ ናቸው። ምስሉን በቦታው የሚያቆሙት ምልክቶች ደግሞ ለብቻቸው በ13 እና በ14 ይመጣሉ። ስለዚህ ፒን 3 ሲላላ ምስሉ አይንቀጠቀጥም፣ ፊደሉም ጥራቱን አያጣም፤ ሰማያዊው ብቻ ሹልክ ብሎ ይጠፋል። ፒን 1 ቢሆን ኖሮ ነጩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ይሆን ነበር፤ ፒን 2 ቢሆን ደማቅ ሮዝ። ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ለአፍታ የሚስተካከል መሆኑ ጉዳዩን ይዘጋዋል። ሶፍትዌር በጠረጴዛ መነቃነቅ አይድንም።

አሁን ኬብሉን ከሁለቱም ጫፍ ይንቀሉትና ጥሩ ብርሃን ላይ ይዩት። ሰፊው ጎን ወደ ላይ ይሁን። ከላይኛው ረድፍ መሀል ላይ ያለው ፒን 3 ነው፤ ከሱ ሥር፣ የመካከለኛው ረድፍ መሀል፣ ፒን 8። ሁለቱም መሀል በመሆናቸው ከየትኛው ጫፍ ቢቆጥሩ አይሳሳቱም። ፒኑ ተጣሟል? ከጎረቤቶቹ አጥሮ ወደ ውስጥ ገብቷል? ጠቁሯል? አንድ ነገር ግን እንዳያስደነግጥዎት፦ ብዙ ኬብሎች ላይ ፒን 9 ከመጀመሪያውም የለም፤ አንዳንዶቹ ላይ ሌሎች የማያስፈልጉ ፒኖችም ይጎድላሉ። ባዶ ቦታ ሁሉ ስብራት አይደለም።

የተጣመመ ፒን ለማቅናት ከሁሉ የሚሻለኝ እርሳሱ የወጣለት የሜካኒካል እርሳስ ጫፍ ነው። ቀዳዳው ፒኑን በልኩ ይይዘዋል፣ ጎረቤቶቹንም አይነካም። ቀስ ብሎ፣ አንዴ ብቻ። ፒን ወዲያና ወዲህ ከተመላለሰ ይሰበራል። ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ግን አይታገሉት፣ ሌላ ኬብል ይሞክሩ።

ፒኖቹ ደህና ከሆኑ ኬብሉን መልሰው ይስኩና ሁለቱንም ብሎኖች ያጥብቁ። ብሎኑን ሳያጠብቅ የሚተው ሰው ብዙ ነው፤ የከባዱ ኬብል ክብደት ሶኬቱን ዕለት ዕለት ወደ ታች ይጎትተዋል። ከዚያ ነጭ ገጽ ከፍተው መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ጋ ያለውን ጫፍ ብቻ፣ ቀጥሎ ሞኒተሩ ጋ ያለውን ጫፍ ብቻ በቀስታ ያንቀሳቅሱ። ቢጫው የሚመጣና የሚሄደው አንዱን ጫፍ ሲነኩ ብቻ ከሆነ ቦታው ታወቀ። በሌላ ቪጂኤ ኬብልም ያው ጫፍ ላይ ያው ከሆነ ጥፋቱ የሶኬቱ ነው፤ በብዛት ሶኬቱ ቦርዱ ላይ የተበየደበት ቦታ ተሰንጥቆ ነው። ይህ እንደገና በመበየድ የሚድን ሥራ ነው፤ ከፓነል መቀየር ጋር በዋጋም በድካምም አይገናኝም።

ምናልባት «የሌሊት ብርሃን በርቶብኝ ቢሆንስ» ይሉ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ናይት ላይት ከ2017 ጀምሮ ዊንዶውስ ውስጥ ገብቷል፣ ሌሎቹም ሲስተሞች ተመሳሳዩ አላቸው፣ ብዙ ሞኒተሮችም የራሳቸው የንባብ ሁኔታ አላቸው። ግን የሚያወጡት ቀለም ይለያል። ናይት ላይት ሰማያዊውን ሲቀንስ አረንጓዴውንም አብሮ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ነጩ መጀመሪያ ክሬም፣ ሲጠነክር ብርቱካናማ ይሆናል። የሎሚ ቢጫ አይሆንም። የሎሚ ቢጫ ማለት ቀዩና አረንጓዴው ምንም ሳይነኩ ሰማያዊው ብቻ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ የሽቦ ጠባይ ነው።

ይህን ያለ ብዙ ክርክር የሚለይ ፈተና አለ። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ያብሩና ሲስተሙ ከመጫኑ በፊት የሚመጣውን የአምራቹን ሎጎ ወይም የባዮስ ገጽ ይመልከቱ። በዚያ ሰዓት ናይት ላይት የለም፣ የቀለም ፕሮፋይል (ሲስተሙ ቀለሙን ለሞኒተሩ የሚያስተካክልበት ፋይል) የለም፣ የጫኑት ድራይቨርም (ግራፊክሱን የሚያዘው ሶፍትዌር) ገና አልተነሳም። ባዮሱ ላይ ቢጫ ከሆነ ከሶፍትዌር ጋር መታገልዎን ማቆም ይችላሉ። በዚህ ረገድ ስክሪንሾት ከሚገባው በላይ ይታመናል። ስክሪንሾት አንስተው ሌላ ስልክ ላይ ሲያዩት የተበላሸ ከሆነ፣ አዎ፣ ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ሶፍትዌር ነው። ደህና ሆኖ ሲወጣ ግን ሶፍትዌሩን ነጻ አያወጣውም። ናይት ላይትና የፕሮፋይል ማስተካከያ ብዙውን ጊዜ የሚጨመሩት ምስሉ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ፣ ወደ ኬብሉ ሲወጣ ነው፤ ስክሪንሾቱ አያያቸውም።

አሁን ወደ ኤችዲኤምአዩ። ይሄኛው ይበልጥ ያስገርማል፣ ምክንያቱም ምንም የተሰበረ ነገር የለም።

ኮምፒውተር ቀለምን የሚልክባቸው ሁለት ቋንቋዎች አሉ። አንዱ አርጂቢ ነው፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ይህን ያህል ቀይ፣ ይህን ያህል አረንጓዴ፣ ይህን ያህል ሰማያዊ ይላል። ሌላው ከቴሌቪዥን ዓለም የመጣው ዋይሲቢሲአር ነው። እዚህ ላይ ዋይ የነጥቡ ብሩህነት ነው፤ ሲቢ እና ሲአር ደግሞ ሰማያዊውና ቀዩ ከዚያ ብሩህነት ምን ያህል እንደራቁ ይናገራሉ። ችግሩ ሁለቱም የሚጓዙት በዚያው መንገድ መሆኑ ነው። ኤችዲኤምአይ ውስጥ ምስሉን የሚሸከሙ ሦስት መስመሮች አሉ። በአርጂቢ ጊዜ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ የሚቀመጡበት ቦታ ላይ፣ በዋይሲቢሲአር ጊዜ ሲቢ፣ ዋይ እና ሲአር በየተራቸው ይቀመጣሉ። ሞኒተሩ ቋንቋው መቀየሩን ካልሰማ ዋይን አረንጓዴ፣ ሲቢን ሰማያዊ፣ ሲአርን ቀይ አድርጎ ያነባል።

ቁጥሩን አብረን እንየው። ጥቁር በዋይሲቢሲአር ሲጻፍ ዋይ 16፣ ሲቢ 128፣ ሲአር 128 ነው፤ ለሁለቱ መሀል ላይ ያለው 128 «ልዩነት የለም» ማለት ነው። ይህን እንደ አርጂቢ ያንብቡት፦ ቀይ 128፣ አረንጓዴ 16፣ ሰማያዊ 128። መካከለኛ ቀይና መካከለኛ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ የለም ማለት ይቻላል፤ ወይን ጠጅ ነው። ነጭ ደግሞ ዋይ 235፣ ሲቢ 128፣ ሲአር 128 ነው። እንደ አርጂቢ ሲነበብ ቀይ 128፣ አረንጓዴ 235፣ ሰማያዊ 128፤ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ። እርስዎ የጻፉት ቃል በቃል ይኸው ነው። ይህን ሁለት ቀለም በአንድ ላይ የሚያመጣ የፓነል ብልሽት አላውቅም።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ለሌሎች አንባቢዎች ይጠቅማልና ልጥቀሰው። ኮምፒውተሩ አርጂቢ እየላከ ሞኒተሩ ዋይሲቢሲአር መስሎት ሲያነብ ጥቁሩ አረንጓዴ፣ ነጩ ሮዝ ይሆናል። ስለዚህ ጥቁሩ ምን እንደሆነ ማየት ብቻ ማን እንደተሳሳተ ይነግራል። የእርስዎ ጥቁር ወይን ጠጅ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ዋይሲቢሲአር እየላከ ነው፣ ሞኒተሩ አርጂቢ ብሎ እየተቀበለው ነው።

ለምን አልተግባቡም? መጀመሪያ የምጠይቅዎት የኬብሉን ጫፎች ነው። በሁለቱም በኩል ኤችዲኤምአይ ነው ወይስ በአንዱ በኩል በማቀያየሪያ ወደ ዲቪአይ (ከኤችዲኤምአይ በፊት የነበረ የዲጂታል ሶኬት) ይገባል? ኤችዲኤምአይ ከምስሉ ጎን «የምልከው በዚህ ቋንቋ ነው» የሚል አጭር መልእክት አብሮ ይልካል። ዲቪአይ ይህን መልእክት አያውቀውም፤ የሚያውቀው አርጂቢን ብቻ ነው። በመሀል ማቀያየሪያ ወይም ማከፋፈያ ካለ ያውጡትና ቀጥታ ይስኩ። ማቀያየሪያ ከሌለ ጥርጣሬዬ ወደ ሞኒተሩ ሜኑ ይሄዳል። አንዳንድ ሞኒተሮች የገቢ ቀለም ዓይነት የሚል ምርጫ አላቸው፤ እዚያ ውስጥ አርጂቢ እና ዋይፒቢፒአር (ወይም ዋይሲቢሲአር) ይገኛሉ። አንድ ሰው አንዴ ነክቶት የቀረ ሊሆን ይችላል። አውቶ ካለ አውቶ ያድርጉት፣ ከሌለ አርጂቢ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አርጂቢ እንዲልክ ያስገድዱት። ኤንቪዲያ ካርድ ከሆነ ኮንትሮል ፓነሉ ውስጥ ሪዞሉሽን የሚቀየርበት ገጽ ታች ላይ የወጪ ቀለም ዓይነት አለ፤ አርጂቢ ይምረጡ፣ አጠገቡ ያለውን የቀለም ስፋት ደግሞ ፉል ያድርጉ። ምርጫው ደብዝዞ አልነካ ካለ ከላዩ ያለውን «ሴቲንጉን ከኤንቪዲያ ተጠቀም» የሚለውን ቀድመው ያብሩ። ኤኤምዲ ላይ ዲስፕሌይ ውስጥ ፒክስል ፎርማት ይባላል፤ አርጂቢ 4:4:4 ፉል የሚለው ነው የሚፈልጉት። ኢንቴልም በራሱ የግራፊክስ ፕሮግራም ውስጥ ዲስፕሌይ ሥር ተመሳሳይ ምርጫ አለው፤ የፕሮግራሙ መልክ ከስሪት ስሪት ስለሚለያይ ቦታውን ትንሽ መፈለግ ሊያስፈልግዎት ይችላል። አፕላይ ሲሉ ስክሪኑ ለአፍታ ጠፍቶ ሲመለስ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይመጣል።

ድራይቨር አጥፍቶ መጫን ለምን አልረዳም? ድራይቨሩ በየጊዜው ሞኒተሩን «ምን ምን ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሞኒተሩ የሚመልሰው ኢዲአይዲ በምትባል ትንሽ መዝገብ ነው፤ መሠረታዊ ክፍሏ 128 ባይት ብቻ ናት፣ ኤችዲኤምአይ ያላቸው ሞኒተሮች ተጨማሪ ገጽ ይቀጥሉበታል። እዚያ ገጽ ላይ «ዋይሲቢሲአር እችላለሁ» ተብሎ ከተጻፈ አዲሱም ድራይቨር ያንኑ አንብቦ ያንኑ ሊመርጥ ይችላል። ድራይቨር ደጋግሞ መጫን የብዙ ሰው የመጀመሪያ መድኃኒት ነው፤ እኔ ግን ለቀለም ችግር መጨረሻ ላይ ነው የማስቀምጠው። ከመጫን ይልቅ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢ ቁልፎችን አንድ ላይ ቢጫኑ የግራፊክስ ድራይቨሩ ብቻ ይነሳል፤ ከእንቅልፍ ሲነቃ ለሚበላሽ ቀለም አንዳንዴ ይህ ይበቃል።

አርጂቢ ካደረጉ በኋላ አንድ ነገር ይፈትሹ፦ ጥቁሩ ጥቁር ነው ወይስ ግራጫ? ከቴሌቪዥን የተወረሰ ልማድ ጥቁርን 16፣ ነጭን 235 ላይ ያስቀምጣል፤ የኮምፒውተሩ ልማድ ከ0 እስከ 255 ነው። ኮምፒውተሩ ጠባቡን እየላከ ሞኒተሩ ሰፊውን ከጠበቀ ሥዕሉ ሁሉ ጭጋግ እንደለበሰ ይሆናል። ተገላቢጦሽ ከሆነ ደግሞ ጨለም ያሉ ቦታዎች አንድ ላይ ይጨፈለቃሉ፤ ጥቁር ልብስ ላይ ያለ እጥፋት አይታይም። ሁለቱንም ጎን ፉል ላይ ማስማማት ነው፤ ሞኒተሩ ላይ ይህ ምርጫ ብዙ ጊዜ የኤችዲኤምአይ ጥቁር ደረጃ በሚል ስም ይገኛል።

የሞኒተሩን ጤንነት በራስዎ ዓይን ማረጋገጥ ከፈለጉ፣ ቀለሙ በተበላሸበት ሰዓት የሞኒተሩን ሜኑ በራሱ ቁልፍ ይክፈቱ። ያንን ሜኑ የሚሥለው ሞኒተሩ ውስጥ ያለው ቦርድ ነው፤ ኬብሉም ኮምፒውተሩም አያውቁትም። ከበስተጀርባው ያለው ዴስክቶፕ ቢጫ ሆኖ ሜኑው ላይ ያለው ነጭ ነጭ ከሆነ፣ ከቦርዱ እስከ ፓነሉ ያለው መንገድ ደህና ነው። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ቦታ አለ፤ አንዳንድ ሞዴሎች በሜኑ የተቀየረውን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ሜኑው ራሱ ላይም ያሳርፉታል፣ አንዳንዶቹ አያሳርፉም። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ፋክተሪ ሪሴት ያድርጉ። ከዚያ ደግሞ ኬብሉን ሁሉ ይንቀሉ፤ ብዙ ሞኒተሮች ያኔ የቀለም መደቦችን ወይም የራሳቸውን ሎጎ ያሳያሉ። እዚያ ላይ ቀለሙ ትክክል ከሆነ ማንም «ፓነል ሞቷል» ቢልዎት ይህንኑ ያሳዩት።

ፓነል ወይም ከፓነሉ ጋር የተያያዘው ክፍል ሲበላሽ መልኩ ምን ይመስላል? ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብላ የወረደች፣ ሁሌም በአንድ ቦታ ያለች ባለ ቀለም መስመር ካለች፣ ያ ፓነሉ ጠርዝ ላይ የተጣበቀው ተጣጣፊ ማገናኛ ነው፤ ያለ ልዩ ማሽን አይጠገንም። አንድ ጥግ ብቻ የተለወጠ ወይም ጭረትና እብጠት የሚመስል ነጠብጣብ ካለ ጫና ደርሶበታል። ነጩ በሁሉም ገቢ፣ በሜኑውም ላይ፣ እኩል ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሮዝ ካደላና ሞኒተሩ ካረጀ፣ ከኋላው የሚያበራው መብራት ደክሟል። በድሮዎቹ ቀጭን የፍሎረሰንት ቱቦዎች ናቸው፣ ሲያረጁ እየደበዘዙ ቀለማቸውን ይለውጣሉ። በኋለኞቹ በብዛት ሰማያዊ ኤልኢዲ ላይ ቢጫ የሚሰጥ ፎስፈር ተቀብቶ ነጭ የሚወጣበት ነው፤ ፎስፈሩ ሲጎዳ ሰማያዊው ያይላል፣ ስክሪኑ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል። አስተውሉ፣ ይሄኛው ወይን ጠጅ ከእርስዎ ይለያል፤ በነጩም ላይ ያው ነው፣ ነጩን አረንጓዴ አያደርገውም።

ከነዚህ ሁሉ ለማታለል የሚመቸው ቦርዱን ከፓነሉ ጋር የሚያገናኘው የውስጥ ኬብል ሲላላ የሚመጣው ነው። ብዙ ሞኒተሮች እዚህ ላይ ኤልቪዲኤስ የሚባል የዲጂታል አላላክ ይጠቀማሉ። እዚያ ቀለሞቹ እንደ ቪጂኤ በየሽቦው አልተለዩም፤ የቀለሞቹ ቢቶች በአራት ጥንድ ሽቦዎች ላይ ተሰባጥረው ነው የሚሄዱት፣ አምስተኛው ጥንድ የቢቶቹን ጊዜ የሚጠብቅ ምልክት (ክሎክ) ነው። በተለመደው የቬሳ (የሞኒተር ደረጃዎችን የሚያወጣ ማኅበር) አደራደር አራተኛው ጥንድ የሦስቱንም ቀለም ከፍተኛ ሁለት ሁለት ቢቶች ይይዛል። እሱ ሲቋረጥ አንድ ቀለም አይጠፋም፣ ፊት ላይ ያለው ጥላ ደረጃ ደረጃ ይሠራል፣ ሰማይ ላይ እንደ ካርታ መስመር ዓይነት ቀለበቶች ይወጣሉ፣ ብሩህ የነበረው ይጨልማል። ይህን ያየ ሰው ፓነል ከማዘዙ በፊት ያንን ኬብል ነቅሎ ማጽዳትና መልሶ መሰካት አለበት። ግን እባክዎ ልምድ ከሌለዎት የሞኒተሩን ክዳን አይክፈቱ። የኃይል ቦርዱ ላይ ያለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር መብራቱ ከተነቀለም በኋላ ለጊዜው ከ300 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ቱቦ ያላቸው ሞኒተሮች ደግሞ ቱቦውን ለማስነሳት ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ቮልቴጅ ያመነጫሉ።

ግራፊክስ ካርድ ሲሞት በብዛት የሚያሳየው ሌላ ነው፦ የተበታተኑ ነጥቦች፣ የዳማ ገበታ የሚመስሉ መደቦች፣ ጌም ሲከፈት የሚባባስ። ሞኒተሩን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት ይጠፋል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቀለም ለሚነሱ ሌሎች ነገሮች በአጭሩ ልበል። ፎቶ ማሳያው ብቻ ነጩን ቢጫ ካደረገና ብሮውዘሩ ደህና ከሆነ፣ ከሞኒተሩ ድራይቨር ጋር የመጣ የተሳሳተ የቀለም ፕሮፋይል ነው፤ ከከለር ማኔጅመንት ውስጥ ያውጡትና ኤስአርጂቢ የሚባለውን የተለመደ ፕሮፋይል ይተኩበት። ስክሪኑ ሁሉ በድንገት ጥቁርና ነጭ ከሆነ የከለር ፊልተር ቁልፍ ተነክቷል፤ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል እና ሲ ይመልሰዋል። ዴስክቶፑ ፈዞ የታጠበ ከመሰለ ኤችዲአር (የብሩህነትን ስፋት የሚጨምረው ሁኔታ) በርቶ ይሆናል፣ ያጥፉት። ቀይ ፊደል በጥቁር ላይ ጠርዙ ከተቦጨቀ ደግሞ የሚላከው 4:2:2 ወይም 4:2:0፣ ማለትም የቀለሙ ዝርዝር ተቀንሶ ነው፤ ምንም ወደማይቀንሰው 4:4:4 ይመልሱት።

ኬብል ሊገዙ ከሆነ ደግሞ በወርቅ የተለበጠ ነው፣ ቀለም ያደምቃል ለሚልዎት አይክፈሉ። በዲጂታል ኬብል ውስጥ ቀለም አይደምቅም፣ አይፈዝምም። ኬብሉ ሲደክም የሚያመጣው ብልጭ ብልጭ የሚሉ ነጥቦች፣ የሚቆራረጥ ምስል ወይም ጨርሶ ባዶ ስክሪን ነው። ዲስፕሌይፖርት ላይማ ሦስቱም ቀለሞች ተሰባጥረው ስለሚሄዱ አንድ ቀለም ብቻ በኬብል ምክንያት ሊጎድል አይችልም።

የእርስዎን ሥራ በዚህ ቅደም ተከተል ብሠራው እመርጣለሁ፦ ኤችዲኤምአዩን በቀጥታ ይስኩ፣ የሞኒተሩን ሜኑ ሪሴት ያድርጉ፣ የገቢ ቀለሙን አርጂቢ ወይም አውቶ ያድርጉ፣ ኮምፒውተሩ ላይ አርጂቢ ፉል ይምረጡ። ይህ ከተስተካከለ ወደ ቪጂኤው መመለስ አያስፈልግዎትም። ኢንቴልና ኤኤምዲ ራሳቸው በ2010 ቪጂኤን እስከ 2015 ከምርቶቻቸው እንደሚያወጡ አስታውቀው ነበር፤ ዛሬ የሚጠቅመው ሌላ ሶኬት ለሌለው ኮምፒውተር ነው። ፒን 3ን ማቅናቱን መጠባበቂያ ኬብል ለማትረፍ ካልሆነ አይድከሙበት። ካልተስተካከለ ግን ሦስት ነገር ጽፈው ይመልሱልኝ፦ ጥቁሩ በባዮስ ገጽ ላይ ምን ቀለም እንደሆነ፣ የሞኒተሩ ሜኑ ነጩ ምን እንደሚመስል፣ እና የኬብሉ ሁለቱ ጫፎች የትኛው የትኛው ሶኬት ውስጥ እንደገቡ።